ላረጀ ውሻ የሚገዛ ማሟያ

ውሻ ዕድሜው ሲገፋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቅበት አነሣሡ ነው። በር ሲንኳኳ ዘሎ ይነሣ የነበረው አሁን የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን በዝግታ ያነሣል፤ ደረጃ ሥር ሲደርስ ያመነታል፤ ጠዋት ጥቂት እስኪራመድ ድረስ ያነክሳል። ከዚህ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። አጥንትና አጥንት የሚገናኙበትን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ አካል እየሳሳ ይሄዳል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፣ መንቀሳቀስ ራሱ ሕመም ይሆናል። የሳሳውን መልሶ እንደ ቀድሞው የሚያደርግ መድኃኒት የለም፤ ሕመሙን ማስታገስና ውሻው ደኅና እንዲንቀሳቀስ መርዳት ግን ይቻላል። በዚህ መካከል ነው ምግብ ማሟያ፣ በተለምዶ ሳፕሊመንት የሚባለው፣ ወደ ቤት የሚገባው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ያሉ የቤት እንስሳት መደብሮች መደርደሪያቸው በእንክብል፣ በዱቄት፣ በሚታኘክ ኩብና በዘይት ጠርሙስ የተሞላ ነው። እዚያ የሚኖሩ፣ ውሻ ያላቸው ወገኖቻችን ይህን መደርደሪያ በደንብ ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ላለ ውሻም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ አንድ ጠርሙስ ቢገኝ አይገርምም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ማሟያ መሞከር ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሙከራ ሊባል የሚችለው ለምን እንደሚሰጥ ከታወቀ፣ መጠኑ ከተሰላ፣ ውጤቱም ከባለቤቱ ፍቅርና ተስፋ ውጭ በሆነ ነገር ከተለካ ብቻ ነው። ይህ ካልተሟላ የሚፈወሰው የባለቤቱ ጭንቀት እንጂ የውሻው እግር ላይሆን ይችላል።

ይህን የምለው ባለቤቶችን ለመንቀፍ አይደለም። ነገሩ በጥናት የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮንዜሚየስና ኤቫንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያነክሱ 58 ውሾችን መረጃ አውጥተው መረመሩ። እነዚህ ውሾች የአንድ ሕመም ማስታገሻ ሙከራ አካል ሆነው ምንም ፈዋሽ ነገር የሌለበትን የማስመሰያ እንክብል ሲወስዱ የቆዩ ናቸው። ባለቤቶቹም ሐኪሞቹም የትኛው ውሻ እውነተኛውን፣ የትኛው ማስመሰያውን እንደሚወስድ አያውቁም ነበር። ውሻው እግሩ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ደግሞ ወለል ላይ በተገጠመ መሣሪያ ይለካ ነበር። መሣሪያው ለውጥ የለም ባለበት ጊዜ እንኳ ከ100 ባለቤቶች ወደ 40 የሚጠጉት ማነከሱ ቀንሷል ብለው መሰከሩ። ይባስ ብሎ የሰለጠኑት የእንስሳት ሐኪሞችም ውሻውን እያስሮጡ ሲያዩ በዚያው ልክ፣ እንዲያውም ትንሽ በሚበልጥ መጠን፣ ተሳስተዋል። ሰው ራሱ ታሞ ማስመሰያ ሲሰጠው ቀለል እንደሚለው ሲነገር ሰምተናል። እዚህ ግን እንክብሉን የዋጠው ሌላ፣ የተሻለው ሌላ ነው። ውሻው ምንም አልጠበቀም። የጠበቀው ባለቤቱ ነው፤ የጠበቀውንም አየ።

እንዲህ ያለ ስሕተት ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ የሕመሙ ጠባይ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አንድ ሳምንት ይጠናል፣ ሌላ ሳምንት ይለዝባል። ሰው ደግሞ ማሟያ የሚገዛው ውሻው ደኅና በሆነበት ቀን ሳይሆን በባሰበት ቀን ነው። ከባሰበት ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን፣ ምንም ባይደረግም፣ የተሻለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአገራችን ይህን ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐምሌ ዝናብና ብርድ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ የከረመ ያረጀ የጥበቃ ውሻ እግሩ ተሳስሮ ቢታይና ያኔ ማሟያ ቢጀመርለት፣ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣና መሬቱ ሲደርቅ ቀለል ብሎት ይሆናል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን ጠርሙሱ ነው። ሌላው ምንጭ ደግሞ ማሟያ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ለውሻው ገንዘብ ያወጣ ሰው ያን ሰሞን መኝታውን ያነጥፍለታል፣ በእግር ያንሸራሽረዋል፣ የሚበላውን ያያል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ውጤትም አለው። ነገር ግን ከሁሉም የትኛው እንደረዳው መለየት አይቻልም። ስለዚህ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውሻዬ ተሽሎታል» የሚለው ምስክርነት ከልብ የመነጨ ቢሆንም ማስረጃ ሆኖ ለመቆም አቅም ያንሰዋል።

በመገጣጠሚያ ማሟያ ስም በጣም የሚታወቀውን ጥንድ እንውሰድ፤ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን። ሁለቱም በተፈጥሮ በመገጣጠሚያ አካል ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ለገበያ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከሸርጣንና ከመሰል የባሕር እንስሳት ቅርፊት፣ ከከብት መተንፈሻ ቱቦና ከሻርክ ልም አጥንት ነው። ሐሳቡ ቀላልና ማራኪ ነው፦ የሳሳውን ነገር የተሠራበትን በማብላት መሙላት። ሆኖም የተበላ ነገር ሁሉ በሆድ ተፈጭቶ፣ በጉበት አልፎ፣ በደም ተበትኖ ነው ወደ መገጣጠሚያ የሚደርሰው፤ የሚደርሰውም ጥቂት ነው። ጥናቶቹ ምን አሉ? እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 71 የታመሙ ውሾችን ለይተው አንዳንዶቹን ከሁለት የታወቁ የሕመም ማስታገሻዎች አንዱን፣ ማለትም ካርፕሮፌን ወይም ሜሎክሲካም፣ ሌሎቹን ደግሞ ይህንኑ ጥንድ ማሟያ ለ60 ቀን ሰጧቸው። እግር መሬት ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል በመሣሪያ ሲለኩ ማስታገሻ የወሰዱት ተሻሽለው ተገኙ፤ ማሟያ የወሰዱት ግን አልተሻሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 አየርላንድ ውስጥ በ35 ውሾች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ማሟያው በ70ኛው ቀን አካባቢ መሻሻል አሳይቷል ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ይጋጫሉ? አንድ ልዩነት አለ። የአየርላንዱ ጥናት መሻሻሉን የመዘነው በሐኪሞች ዓይንና ግምት ነበር፤ ማስመሰያ የወሰደ ቡድንም አልነበረውም። ዓይን ምን ያህል እንደሚያታልል ከላይ ካየነው ጋር ይህን ስናስተያየው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 በውሻና በድመት ላይ የተደረጉ በርካታ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ የገመገመ ሰፊ ጥናት ወጣ። ድምዳሜውም ጠንከር ያለ ነበር፦ የግሉኮሳሚንና የኮንድሮይቲን ጥንድ ለመገጣጠሚያ ሕመም ጥቅም አላሳየም፣ ሊታዘዝም አይገባም።

ይኸው ግምገማ ግን ሌላውን ማሟያ አልጣለም። ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነት፣ በተለይም ከዓሣ ዘይት የሚገኙት ኢፒኤና ዲኤችኤ፣ ሕመምን በመቀነስ ጥሩ ማስረጃ ያለው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ሊገባ የሚችል ነው። ሰውነት ሲቆጣ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች በከፊል የሚሠሩት የሴል ግድግዳ ውስጥ ካለ ቅባት ነው። በምግብ የሚገባው ቅባት ሲቀየር በሳምንታት ውስጥ ያ ግድግዳም ይቀየራል፤ ከኢፒኤ የሚሠሩት ኬሚካሎች ደግሞ ቁጣቸው ረገብ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 38 የታመሙ ውሾች ለ90 ቀን ተመግበው፣ የዓሣ ዘይት በበዛበት ምግብ የቆዩት እግራቸው ላይ የሚያሳርፉት ክብደት በአማካይ 5.6 በመቶ ሲጨምር የሌሎቹ 0.4 በመቶ ብቻ ጨመረ። በዚያው ዓመት በ131 ውሾች ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የዓሣ ዘይት ያለበትን ምግብ የሚበሉ ውሾች የሚወስዱት የካርፕሮፌን መጠን ከሌሎቹ ፈጥኖ ሊቀነስላቸው እንደቻለ አሳይቷል። ካርፕሮፌን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አምስት ከመቶ ተአምር እንዳልሆነ ግን መናገር ያስፈልጋል። ያነክስ የነበረ ውሻ በዓሣ ዘይት እንደ ቡችላ አይቦርቅም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደረስን፤ መጠን። የእንስሳት የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚጠቅሱት መጠን ለ30 ኪሎ ውሻ ሲሰላ በቀን ወደ 4 ግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ይሆናል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ደግሞ 1.7 ግራም ገደማ። ፋርማሲ የሚሸጠው የተለመደው የሰው የዓሣ ዘይት እንክብል «1000 ሚሊ ግራም» ይበል እንጂ ውስጡ ያለው ኢፒኤና ዲኤችኤ ተደምሮ 300 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ 30 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሼፐርድ በጥናት የተሞከረውን ያህል ለማግኘት በቀን 13 እንክብል ያስፈልገዋል። በቀን አንድ እንክብል እየሰጠ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚል ሰው አልሞከረም፤ «ሞከርኩት፣ ሠራ» የሚልም እንዲሁ። በሌላ በኩል 13 እንክብል ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ ይህም የውሻው የቀን ምግብ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚሆን ከሳህኑ ካልተቀነሰ ያወፍረዋል። የላይኛው ወሰንም ሩቅ አይደለም፤ የሚመከረው መጠንና ደኅና ነው የሚባለው ከፍተኛ መጠን ተቀራራቢ ናቸው። ከዚያ ሲያልፍ ተቅማጥ ይመጣል፣ የደም መርጋት ይዘገያል፣ ቆሽቱ የሚቆጣ ውሻም ለከፋ ሕመም ይጋለጣል። ለዚህ ነው በጥናት የተሞከረው ብዙውን ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ፣ ዘይቱ አስቀድሞ የተቀላቀለበት ምግብ የሆነው። አገር ቤት ደግሞ «ለምን ተልባ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተልባ ኦሜጋ 3 አለው፤ ነገር ግን ዓይነቱ ሌላ ነው፤ የውሻ ሰውነት ያንን ወደ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚቀይረው በጣም በጥቂቱ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ተልባ የዓሣ ዘይትን አይተካም። የዓሣ ጉበት ዘይትም አይተካውም፤ እርሱ ቫይታሚን ኤና ዲ የታጨቀበት ስለሆነ ኦሜጋውን ለማሟላት ሲባል በብዛት ቢሰጥ ውሻውን ይመርዛል።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ይገባል፦ እነዚህ የዓሣ ዘይት ጥናቶች የማን ናቸው? መልሱ መሸፈን የለበትም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ የ2010 ጥናቶች የውሻ ምግብ አምራች ኩባንያ የደገፋቸው ናቸው፤ ኩባንያውም ያንን ምግብ ይሸጣል። ይህ ጥርጣሬን ይጨምራል፤ መጨመርም አለበት። ያም ሆኖ ጥናቶቹን እንድቀበላቸው የሚያደርጉኝ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያው ጥናት 38ቱን ውሾች የለካው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያ ደመወዝ አይከፈለውም። ውሾቹ በዕጣ የተመደቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህም ነፃ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ውጤት አግኝተዋል። የግሉኮሳሚን አምራቾችም ገንዘብ ነበራቸው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ያለበት ልኬት ሲመጣ ውጤቱ አብሯቸው አልቆመም። ገንዘብ ጥናትን ሊያጣምም ይችላል፤ ስለዚህ ከገንዘቡ ይልቅ የልኬቱን ጥራት መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ የበለጠ የሚሰማው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ «ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» መጉዳቱን በምሳሌ ላሳይ። ለሰው የሚሠሩ የሚታኘኩ ቫይታሚኖች አንዳንዶቹ ዛይሊቶል በሚባል ማጣፈጫ የጣፈጡ ናቸው። ሰው ላይ ምንም አያደርግም፤ ውሻ ላይ ግን በሰዓታት ጊዜ ውስጥ ኢንሱሊንን አፍስሶ የደም ስኳሩን ይጥላል፣ በርከት ሲል ጉበቱን ያበላሻል፣ ይገድላል። ለሰው አጥንት የሚሰጠው ቫይታሚን ዲ በብዛት ከተወሰደ የውሻን ደም በካልሲየም አጥለቅልቆ ኩላሊቱን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ትልቅ የአሜሪካ የውሻ ምግብ አምራች ከአቅራቢው የመጣ የቫይታሚን ድብልቅ ውስጥ ቫይታሚን ዲ በመብዛቱ የታሸጉ ምግቦቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። ትላልቅ ዝርያ ያላቸው ቡችሎችም በተለይ ሊታሰብላቸው ይገባል። «አጥንቱ እንዲጠነክር» ተብሎ ካልሲየም የሚሰጠው ለእነርሱ ነውና። በኔዘርላንድስ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግሬት ዴን ቡችሎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ትርፍ ካልሲየም የበሉት ቡችሎች አጥንታቸው ተጣሞና አስተዳደጋቸው ተዛብቶ እንደተገኙ አሳይተዋል። ቡችላ ከሆዱ የሚያስገባውን ካልሲየም እንደ ትልቅ ውሻ መጥኖ መግታት አይችልም፤ የሰጡትን ይቀበላል። የእነዚህ ሁሉ ጉዳት በዓይን የሚታይ ነው። የማይታየው ጉዳት ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ውሻ ሕመሙን አይናገርም፤ ብዙዎቹ እያመማቸውም ጅራታቸውን ይቆላሉ። የማይሠራ ዱቄት እየተሰጠው የሚያልፍ ስድስት ወር ለባለቤቱ የተስፋ ጊዜ ነው፤ ለውሻው ግን ማስታገሻ ሳያገኝ የታመመበት ስድስት ወር ነው። የሚሠራ መድኃኒት እያለ ይህን ማድረግ «ምንም አይጎዳም» ሊባል አይችልም።

ገበያው ራሱ ለሸማቹ ብዙም አይቆምለትም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የሰው ምግብ ማሟያን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በ1996 ይህ ሕግ ለእንስሳት እንደማይሠራ አስታወቀ። በመሆኑም የውሻ ማሟያ በሕግ ፊት የራሱ ስፍራ የለውም፤ እንደ ምግብ ወይም እንደ መድኃኒት ነው የሚታየው። በተግባር ግን አብዛኛው ማሟያ መሥራቱን ማንም ሳያረጋግጥ ይሸጣል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ሁልጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ ውስጥ ለእንስሳት የሚሸጡ 25 ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዙ ምርቶች ተመርምረው፣ የባክቴሪያውን ብዛት ከገለጹት መካከል የጻፉትን ያሟሉት ከሲሶ በታች ነበሩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የእንስሳት ማሟያ አምራቾች ማኅበር አባላቱን እየፈተሸ ማኅተም ይሰጣል። ማኅተሙ የሚያረጋግጠው አሠራሩ ሥርዓት ያለው መሆኑን እንጂ ማሟያው የሚፈውስ መሆኑን አይደለም፤ ቢሆንም ማኅተም ከሌለው ማኅተም ያለው ይሻላል።

ታዲያ ማሟያ እውነት የሚያስፈልገው ውሻ የለም? አለ፤ እንዲህ ያለው ውሻ ግን አንድ የጎደለው ነገር በስም የታወቀለት ነው። አንዳንድ አሜሪካን ኮከር ስፓኒየል ውሾች ታውሪን በሚባል ንጥረ ነገር ጉድለት ልባቸው ሰፍቶ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ውሾች ታውሪንና ካርኒቲን ሲሰጣቸው ልባቸው እንዳገገመ አሳይቷል። ቆሽቱ የማይሠራለት ውሻ ቫይታሚን ቢ 12 ከምግቡ መምጠጥ ስለሚያቅተው በመርፌ ወይም በእንክብል ይሰጠዋል። ሥጋ ብቻ የሚበላ ውሻም ይጎዳል፤ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ10 እጥፍ በላይ ስለሚበልጠው ሰውነቱ ካልሲየም ፍለጋ አጥንቱን ያፈርሳል። ልብ ይበሉ፤ ካልሲየም ለአንዱ ቡችላ መርዝ፣ ለሌላው መድኃኒት የሆነው ቀድሞ በሚበላው ምግብ ነው። «የተሟላና የተመጣጠነ» ተብሎ የተጻፈበትን የፋብሪካ ምግብ በልኩ የሚበላ ጤነኛ ውሻ የሚጎድለው ቫይታሚን አይኖርም። ለሰው የተለመደው ቫይታሚን ሲ እንኳ አያስፈልገውም፤ ጉበቱ ራሱ ይሠራዋል።

የአገራችን ውሻ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አብዛኛው ውሻ የጥበቃ ውሻ ነው፤ የሚበላውም ከገበታ የተረፈ እንጀራና አጥንት ነው። እንጀራው ብቻውን ጠላቱ አይደለም። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ሲጀምር የእህል ምግብ የሚፈጭበት ዘረ መል በዝቶለታል። የሚያንሰው ፕሮቲንና ማዕድን ነው፤ የሚበዛው ደግሞ ትል። የከሳ፣ ፀጉሩ የረገፈ ቡችላ ሲታይ ቫይታሚን ከመፈለግ በፊት የትል መድኃኒት መስጠት ይቀድማል፤ ደሙን መንጠቆ ትል እየመጠጠው ያለ ቡችላ በጠርሙስ ቫይታሚን አይድንም። ከእርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት የሚጣልለት ውሻ ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሠጋ የቴፕ ዎርም ዓይነት ይሸከማል። ከሁሉ በላይ በውሻ ንክሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። «ሰው ባልጠገበበት አገር የውሻ ማሟያ ማውራት ቅንጦት ነው» ለሚሉ መልሴ ይኸው ነው፦ ልክ ናችሁ፤ ለውሻ የሚወጣ ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ብር ለክትባት ነው፤ ሁለተኛው ለትል። የውሻው ጤናና የልጆቻችን ጤና በዚህ ላይ አይለያዩም።

ለመገጣጠሚያው ከየትኛውም ጠርሙስ የበለጠ የሚያደርገው ነገር ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። አንድ የውሻ ምግብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 በጀመረው ጥናት 48 ላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተላቸው። ከየጥንዱ አንዱ ሌላው ከሚበላው በሩብ ያነሰ ይሰጠው ነበር። በ2002 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ያነሰ የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ከሳህን ላይ በመቀነስ ተገኘ ማለት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ፣ ቀለል ብሎም ታየ። በማሟያ ታሪክ ውስጥ እዚህ የሚደርስ ውጤት አላውቅም። የወፈረ ውሻ ከእነ ውፍረቱ ሆኖ የዓሣ ዘይት ቢጨመርለት በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው መንሣት ነው። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ ያለ ጭንቀት መቆጠር አለበት፤ ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ያለ ይሁን። ለብዙ ባለቤት ይህ ከባድ የሚሆነው ምግብ መስጠት ፍቅር ስለሆነ ነው። ያም ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ውሻው ግን በሚጎዳው መንገድ መወደድ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ማሟያ ለመሞከር የወሰነ ሰው እንዲህ ያድርግ። ሐኪም ሕመሙን ይለይለት፤ ማነከስ ሁሉ የመገጣጠሚያ ሕመም አይደለምና፤ በትላልቅ ውሾች የአጥንት ካንሰርም እንዲሁ ይጀምራል። ውሻው ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ያንን ይንገር። ከዚያ አንድ ማሟያ ብቻ ይምረጥ፣ መጠኑን በክብደት ያስላ፣ ያን ሰሞን ሌላ ነገር አይቀይር። ከመጀመሩ በፊት ውሻው ከመኝታው ሲነሣ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲራመድ በስልክ ይቅረጽ፤ በየሁለት ሳምንቱም በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ይድገም። የፔንሲልቬንያና የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎች ባለቤቶች የሚሞሏቸውን አጫጭር የሕመም መጠይቆች አዘጋጅተዋል፤ ሐኪሙ ዘንድ ይገኛሉ። ሦስት ወር ሲሞላ ቪዲዮዎቹን አደባልቆ ውሻውን ለማያውቅ ሰው ያሳይ፤ የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ሳይናገር የትኛው የተሻለ እንደሚራመድ ይጠይቀው። እንግዳው ልዩነቱን ካላየው ልዩነት የለም ማለት ይቀርባል። ማስታገሻ የሚያስፈልገው ውሻ ማሟያው እስኪሠራ ሦስት ወር እየታመመ አይጠብቅ፤ ሐኪሙ የሚያዘውን ጎን ለጎን ይውሰድ። ለሰው የተሠራ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ግን በፍጹም አይሰጥ፤ ውሻን ይመርዛሉ።

ሦስት ወሩ አልፎ ለውጥ ካልታየ ማሟያውን ያቁሙ። በዚያ ገንዘብ ውሻዎን እንደገና ወደ ሐኪም ይውሰዱና ለሕመሙ የሚሠራ ነገር እንዲታዘዝለት ይጠይቁ።